ካርታው በማን ስም ነው?

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሰኔ ማብቂያ ገደማ የሚያካሂዱት ዓመታዊ የእግር ኳስ በዓል የኳስ ብቻ አይደለም። በስታዲየሙ ዙሪያ ክትፎና ጥብስ የሚያቀርቡ፣ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ፣ ሐዋላ የሚልኩ ድንኳኖች ይደረደራሉ። ከነዚህ መሐል ሁለት ዓይነት ጠረጴዛዎች ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናዎቹ ናቸው። በአንደኛው ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የሪል ስቴት ሻጭ ገና መሠረቱ ያልወጣለትን ሕንፃ በቀለም ሥዕል ያሳያል፤ ካሬውን፣ ፎቁን፣ የክፍያውን ዙር ይዘረዝራል። በሌላው ላይ በሜሪላንድ ወይም በቴክሳስ ፈቃድ ያወጣ ሐበሻ የቤት ደላላ "ለሰው ኪራይ ከምትከፍሉ የራሳችሁን ሞርጌጅ ክፈሉ" እያለ ካርዱን ያድላል። ሁለት ሥራ የሚሠሩ ባልና ሚስት ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ያጠራቀሙት ገንዘብ ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው።

"እዚህ ልግዛ ወይስ አገር ቤት ልሥራ?" የሚለው ክርክር በየቡናው፣ በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የአገር ፍቅርና የትርፍ ሙግት ሆኖ ይቀርባል። አገር ቤት የገነባው ወገኑን ያልረሳ፣ ውጭ የገዛው ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ይባላል። ይህ አቀራረብ ሰውን ያስወቅሳል እንጂ አያግዝም። ገንዘብ ከላብ የሚገኝ ነው፤ ባለቤቱ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄም ሕጉ ንብረቱን የማን ብሎ ይቆጥረዋል የሚለው ነው።

ውጭ አገር ቤት መግዛት ከስጋት ነጻ እንዳልሆነ የላስ ቬጋስ ሐበሾች ያውቁታል። ከተማዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሾፌርነትና በሆቴል ሥራ የሚኖሩባት ናት። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባለው ጊዜ የቤት ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀባት። ያለ በቂ ቅድመ ክፍያ፣ ወለዱ ከዓመታት በኋላ በሚያሻቅብ ብድር የገቡ ሰዎች ቤታቸውን ለባንክ አስረክበው ወጡ። በዋሽንግተን አካባቢም በርካታ የጥቁሮችና የስደተኞች ሰፈሮች በዚያ ማዕበል ተመትተዋል።

ያም ሆኖ የአሜሪካ ብድር ለገዢው የሚሰጠው አንድ ነገር አለ፤ የሠላሳ ዓመት ቋሚ ወለድ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ይህ ወለድ በአማካይ 2.65 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚያ ወር 300,000 ዶላር የተበደረ ሰው ለዋናውና ለወለዱ በወር 1,200 ዶላር ገደማ ይከፍላል፤ ዕዳው እስኪያልቅም ይኸው ነው። ወለዱ 7.79 በመቶ በደረሰበት ጥቅምት 2023 ያንኑ ገንዘብ የወሰደው ደግሞ 2,150 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ሁለቱ በአንድ ጎዳና ላይ ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ለሁለቱም ግን የባለቤትነት መዝገቡ በካውንቲው ጽሕፈት ቤት ለማንም ክፍት ነው፤ ስማቸው እንዳለበት በየቀኑ ማየት ይችላሉ።

አገር ቤት ያለው ስሌት ከብር ይጀምራል። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ዶላር 16 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ 50,000 ዶላር በሕጋዊ መንገድ ወደ ብር የመነዘረ ሰው 800,000 ብር አገኘ። ይህን ገንዘብ በቁጠባ ሂሳብ ቢያስቀምጠው፣ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ዶላሩ ከ130 ብር ባለፈበት ጊዜ፣ ወለዱ ተደምሮም እንኳ የመጀመሪያውን ገንዘብ አንድ ሦስተኛ አያህልም። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀ ቁጠባ ማለት ነው።

ዲያስፖራው ወደ ኮንክሪት የሚሮጠው ለዚህ ነው። ብር ሲወድቅ የቤት ዋጋ አብሮ ይወጣል። በ1990ዎቹ ውስጥ አያት፣ ሲኤምሲ ወይም ቦሌ ቦታ ይዘው የሠሩ ሰዎች በዶላር ሲሰላም አትርፈዋል፤ የነሱን ታሪክ ያልሰማ ስደተኛ የለም። ያልተሰማው የሌላው ወገን ታሪክ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት የጥቁር ገበያው ዶላር ከባንኩ እጥፍ ገደማ በደረሰባቸው ወራት፣ ሕግ አክብሮ ገንዘቡን በባንክ ያስገባ ሰው የቤቱን ዋጋ በተጨባጭ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። ሕግ ያከበረ የሚቀጣበት ሥርዓት ለብዙ ዓመታት መቆየቱ መንግሥት ከዲያስፖራው ጋር ላለው ግንኙነት ከማንኛውም ቅስቀሳ የበለጠ ጉዳት አድርሷል።

ሕጉስ ስደተኛውን ማን ብሎ ያውቀዋል? የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ መሬት የግል ሆኖ አያውቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ገዢው የሚይዘው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ደግሞ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ የአሜሪካ ወይም የጀርመን ፓስፖርት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በሕግ ያጣል። ይህን ክፍተት ለመሙላት አስቀድሞ በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 ወጥቷል። ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የመጣው በዚህ አዋጅ ነው። ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ቤት ያስገዛል፤ ለመምረጥና ለመመረጥ ግን አያበቃም።

ቤት በመግዛት ረገድ ቢጫ ካርዱ ያገለግላል። ሌላ ነገር የሞከሩት ግን ብዙ ተጉላልተዋል። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንሶች የያዙትን አክሲዮን እንዲያስረክቡ አዘዘ። አክሲዮኖቹ በጨረታ ሲሸጡ ለባለቤቶቹ የተመለሰው መነሻ ዋጋው ነበር፤ ከዚያ በላይ የተገኘው ለመንግሥት ገቢ ሆነ። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ባንኮቹ ሲቋቋሙ የደገፉ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና እንዲገዙ ተፈቀደላቸው፤ በውጭ ምንዛሪ ገዝተው ትርፉን በብር እንዲቀበሉ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ሲያቀርብም የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ሆኖ ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ብቻ ተሸጠ። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን 10.7 ሚሊዮኑ ብቻ ነው የተገዛው። ፓስፖርት የቀየረው ዲያስፖራ ከበሩ ውጭ ቆመ። ገንዘቡ ሲፈለግ ወገን፣ ድርሻ ሲጠይቅ የውጭ ዜጋ ማድረግ ትልቅ በደል ነው፤ በግልጽ መነገር አለበት።

ለሕዳሴ ግድቡ የተሸጠው ቦንድም ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በአሜሪካ የሚኖሩ ከ3,100 በላይ ሰዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቦንድ ገዙ። ሽያጩ በአሜሪካ ሕግ መሠረት አስቀድሞ ባለመመዝገቡ የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ወለዱን ጨምሮ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከልብ የሰጡ ሰዎችን ገንዘብ በሥርዓት ለመቀበል የጎደለው የወረቀት ሥራ ነበር።

ከሪል ስቴት ሻጮች ጋር ያለው ችግር ደግሞ ይበልጥ ሰፊ ነው። የአክሰስ ሪል ስቴት ጉዳይ እስከ ዛሬ ይነሳል። ድርጅቱን የመሠረቱት አቶ ኤርሚያስ አመልጋ በኒው ዮርክ የፋይናንስ ዓለም ሠርተው የተመለሱ፣ ሃይላንድ ውሃን ያስጀመሩ ባለሀብት ነበሩ፤ ራሳቸው የዲያስፖራ ተመላሽ መሆናቸው ለብዙ ገዢዎች መተማመኛ ነበር። ከ2,000 በላይ ሰዎች ከፈሉ፤ ቤቶቹ ግን በተባለው ጊዜ አልደረሱም፤ ገዢዎቹም ለዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ተንከራተቱ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ውጭ የሚኖሩ ነበሩና ስብሰባ ላይ እንኳ የሚገኘው እህታቸው ወይም አጎታቸው ነበር። ባዶ መሬት ላይ በሥዕል የሚሸጥ ቤት ሁሉ አይጠፋም፤ በጊዜው ያስረከቡ አልሚዎችም አሉ። ነገር ግን ገዢው የሚከፍለው ለቤት ሳይሆን ለተስፋ ቃል መሆኑን ከመፈረሙ በፊት ማወቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ አደገኛው ወረቀት ግን ከሻጩ ጋር የሚፈረመው ውል አይደለም፤ ውክልናው ነው። በየኤምባሲው መስኮት ፊት ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው እጅ ላይ ያለውን ገጽ ማየት ይበቃል። በስሜ የተመዘገበውን ቤት እንዲያስተዳድሩ፣ እንዲያከራዩ፣ ኪራይ እንዲቀበሉ፣ እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ በዋስትና እንዲያስይዙ፣ ስመ ሀብቱን እንዲያዛውሩ፣ ሌላ ሰው እንዲወክሉ እያለ ይወርዳል። ብዙው ሰው ለመብራት ቆጣሪ ማስገቢያና ለግብር መክፈያ ብቻ የሚያስፈልገውን ወረቀት በዚህ ሙሉ ዝርዝር ያስፈርማል፤ ጸሐፊው ያዘጋጀው ስለሆነና መመለስ ስለሚያታክት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ብሎ ባለንብረቱን ሊጠብቀው አስቧል፤ ባለንብረቱ ግን ያንን ልዩ ሥልጣን በገዛ ፊርማው ጨምሮ ይሰጣል። ወንድም ወንድሙን የከሰሰባቸው፣ እናት በሁለት ልጆቿ መካከል የቆመችባቸው ብዙ የፍርድ ቤት ፋይሎች ከዚህ ገጽ ይጀምራሉ። "እንዴት በእህቴ ላይ ገደብ አደርጋለሁ?" የሚል ይሉኝታ ዝምድናንም ቤትንም ሲያሳጣ ይታያል። ውክልናን ለይቶ መስጠት እህትንም ከሐሜት ያድናል።

የዓረብ አገር ሠራተኞች ምርጫ ከዚህ ሁሉ የጠበበ ነው። በሪያድ ወይም በቤሩት የሰው ቤት የምትሠራ ሴት በምትኖርበት አገር ቤት ልግዛ ብላ አታስብም፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው። ሪያድ ያለችው በወር 1,000 ሪያል አካባቢ እያገኘች የምትልከው ገንዘብ በወሎ ወይም በጅማ ከተሞች ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ በአባት ወይም በወንድም ስም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ሲመለሱ፣ በላኩት ገንዘብ በተሠራ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነው የተገኙ አሉ። ለዲያስፖራ ተብሎ የሚወጣ ፖሊሲ ሁሉ ቢጫ ካርድ የያዘውን የዋሽንግተን ሰው ያስባል፤ ዜግነቷን ያልቀየረችው፣ ካርታ ላይ ስሟን ያላየችው ይህች ሴት ግን ከማንም በፊት ልትታሰብ ይገባ ነበር።

የአገር ቤቱ ቤት ሌላም ዕዳ አለበት። ዲያስፖራው ገዝቶ የዘጋው አፓርታማ ማታ መብራት አይበራበትም፤ በዚያው ሰፈር ግን አስተማሪና ነርስ ኪራይ እያሳደዳቸው ከከተማው ዳር ይወጣሉ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ከውጭ ሆኖ በኪራይ ብድሩን ሊከፍል ያሰበ ሰው ይህን መቁጠር አለበት፤ ለተከራዩ ግን የሚገባ ጥበቃ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ደግሞ ከአገር ቤት የሚያገኘውን ኪራይ ለአሜሪካ ግብር ማሳወቅ አለበት፤ በውጭ ባንኮች ያለው ገንዘብ በጠቅላላው ከ10,000 ዶላር ካለፈም እንዲሁ። ሰላም ማጣትም አለ፤ በትግራይ ጦርነት ዓመታት በክልሉ ባንክና ስልክ ተዘግቶ ባለንብረቶች ስለቤታቸው ቀርቶ ስለቤተሰባቸው መስማት አልቻሉም ነበር።

ታዲያ የትኛው ይቅደም? ሥራው፣ ልጆቹና የትምህርት ቤታቸው ጉዳይ ውጭ ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚኖርበትን ጣሪያ ቢይዝ ይሻላል፤ አቅሙ የሚችለውን፣ በቋሚ ወለድ። አገር ቤት የሚያስገባው ከዚያ የተረፈው፣ ለአሥር ዓመት ባያየው የማይጎዳው ገንዘብ ይሁን፤ ያም ቢሆን ካለቀ ወይም ሊያልቅ ከተቃረበ ቤት ላይ፣ በገዛ ስሙ። በስደት አገር መኖሪያ ፈቃዱ የማይረጋለት ሰው ግን ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጥበታል፤ ለእሱ አገር ቤት ያለው ጎጆ የመጨረሻ መጠጊያው ነው።

መንግሥት በሰኔ 2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150,000 ዶላር አውጥተው ቤት እንዲይዙ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። ለውጭ ሰው የተከፈተው በር ለትውልደ ኢትዮጵያዊው ከሃያ ዓመት በላይ ክፍት ነበር፤ እሱ የሚፈልገው የተገዛው ቤት እንደማይናወጥ የሚያረጋግጥለት ነገር ነው። ለዚህ የሚሆን ሕግ በ2006 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818። ይዞታዎች በዚህ አዋጅ መሠረት ተረጋግጠው ሲመዘገቡ፣ መዝገቡም ሜሪላንድ ወይም ሪያድ ላለ ባለቤት በስልኩ ቢታይ፣ ስመ ሀብት ሊዛወር ወይም እገዳ ሊገባ ሲል መልእክት ቢደርሰው፣ በየኤምባሲው ከሚደረገው የኢንቨስትመንት ስብሰባ የበለጠ ገንዘብ ያመጣል። እስከዚያው ገዢው ቅድመ ክፍያ ሳይከፍል ቤቱ ወዳለበት ክፍለ ከተማ ሰው ልኮ፣ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ የሊዝ ውዝፍ አለመኖሩንና ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ያስረጋግጥ።