ዎተርሺፕ ዳውን (የ1978 ፊልም)

ዎተርሺፕ ዳውን እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ የእንግሊዝ የአኒሜሽን ፊልም ነው። የተሠራው ሪቻርድ አዳምስ በ1972 ካሳተመው፣ ተመሳሳይ ስም ካለው የልጆች የጀብዱ ልብ ወለድ ነው። የፊልሙ ጸሐፊ፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲውሰር ማርቲን ሮዘን ሲሆን፣ ርዝመቱ 92 ደቂቃ ያህል ነው። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ጥንቸሎች ናቸው። ሆኖም ልብስ አይለብሱም፣ እንደ ሰው ቆመው አይሄዱም፤ ሣር ይግጣሉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ በጭልፊት፣ በውሻና በወጥመድም ይሞታሉ። ከዚህ የተነሣ ፊልሙ ለልጆች ተስማሚ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ ወለዱ

ሪቻርድ አዳምስ (1920–2016) የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ታሪኩን መጀመሪያ የፈጠረው በመኪና ረጅም መንገድ ሲጓዙ ለሁለት ሴት ልጆቹ ለመተረክ ነው። እንዲጽፈው የወተወቱት ልጆቹ ናቸው። ጽሑፉን በርካታ አሳታሚዎች አልቀበልም ካሉ በኋላ ሬክስ ኮሊንግስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ አወጣው። መጽሐፉ የካርኔጊ ሜዳሊያንና የጋርዲያን ጋዜጣን የልጆች መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል።

አዳምስ ስለ ጥንቸሎች አኗኗር የተማረው ሮናልድ ሎክሊ ከተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ መጽሐፍ ነው። ጥንቸሎቹ የራሳቸው ቋንቋ፣ እምነትና ተረት አላቸው። ለምሳሌ «ሩዱዱ» ማለት መኪና ነው፤ «ሲልፍሌይ» ማለት ደግሞ ሣር ለመብላት ከጉድጓድ መውጣት ነው። መቁጠር የሚችሉት እስከ አራት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ «ብዙ» ይባላል። ታሪኩ የሚካሄድባቸው ቦታዎች እውነተኛ ናቸው። ዎተርሺፕ ዳውን ራሱ በደቡብ እንግሊዝ፣ በሃምፕሽር ክፍለ አገር የሚገኝ ኮረብታ ነው።

ታሪኩ

ፊልሙ የሚከፈተው በጥንቸሎቹ የፍጥረት ተረት ነው። የፀሐይ አምላክ ፍሪዝ እንስሳትን ሁሉ እኩል አድርጎ ፈጠረ። የጥንቸሎች አለቃ ኤል-አህራይራ ግን ወገኖቹ በዝተው ሣሩን ሲጨርሱ ሊቆጣጠራቸው እምቢ አለ። ስለዚህ ፍሪዝ ለቀበሮ፣ ለጭልፊትና ለሌሎችም ጥንቸልን የማደን ፍላጎት ሰጣቸው። ለጥንቸል ደግሞ ፈጣን እግርና ብልሃት ሰጠው።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው በሳንድልፎርድ ነው። ፋይቨር የተባለ ትንሽ ጥንቸል ሜዳው በደም ተሸፍኖ በራእይ ያያል። የጥንቸሎቹ አለቃ አያምነውም። ወንድሙ ሄዘል ግን አምኖት ጥቂት ጥንቸሎችን ይዞ በሌሊት ይሰደዳል። ከዘበኞቹ አንዱ የነበረው ጉልበተኛው ቢግዊግም አብሯቸው ይሄዳል። በኋላ ከሳንድልፎርድ ያመለጠ ጥንቸል መጥቶ፣ ሰዎች ጉድጓዶቹን ደፍነው የቀሩትን እንደጨረሷቸው ይነግራቸዋል።

ስደተኞቹ በመንገድ ላይ ምግብ የሞላበት መንደር ያገኛሉ። ምግቡን የሚያስቀምጠው ገበሬ ግን ወጥመድም ያጠምድባቸዋል። ነዋሪዎቹ ይህን እያወቁ ዝም ብለው ይኖራሉ። ቢግዊግ ወጥመድ ውስጥ ገብቶ ከሞት ለጥቂት ይተርፋል። ዎተርሺፕ ዳውን ሲደርሱ ሰላም ያገኛሉ፤ ሴት ጥንቸል ስለሌላቸው ግን ዘር ሊተኩ አይችሉም። ስለዚህ ቢግዊግ ጄኔራል ዋውንድዎርት በጭካኔ ወደሚገዛው ኤፍራፋ ሰርጎ ይገባል፤ መውጣት የሚፈልጉ ሴት ጥንቸሎችንም ይዞ ያመልጣል። ጄኔራሉ ተከትሏቸው ሲመጣ ሄዘል የገበሬውን ውሻ ፈትቶ ጠላቱ ላይ ይለቅቀዋል።

ፊልሙ መጽሐፉን አሳጥሮታል። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ኤል-አህራይራ በየመካከሉ የሚተረኩት ተረቶች ቀርተው የመክፈቻው ብቻ ተወስዷል። በሌላ በኩል ቫዮሌት የተባለችው ሴት ጥንቸል በመጽሐፉ የለችም። በፊልሙ ከስደተኞቹ ጋር ወጥታ በጭልፊት ትወሰዳለች።

አሠራሩ

መጀመሪያ በዳይሬክተርነት ሥራውን የያዘው አሜሪካዊው አኒሜተር ጆን ሃብሊ ነበር። ከሮዘን ጋር ባለመስማማቱ ሥራውን የለቀቀ ሲሆን በ1977 ሞተ። ከዚያ በፊት ፊልም ዳይሬክት አድርጎ የማያውቀው ሮዘን ራሱ ተካው። የሃብሊ አሻራ የሚታየው በመክፈቻው ተረት ላይ ነው። በዚያ ክፍል እንስሳቱ የተሣሉት በቀላል መስመርና በደማቅ ቀለም ሲሆን፣ የቀረው ፊልም ግን እውነተኛውን እንስሳና መሬት ለመምሰል ይሞክራል።

ፊልሙ በእጅ የተሣለ ነው። በዚህ ዘዴ ገጸ ባሕርያቱ በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ላይ ይሣላሉ። ፕላስቲኩ በተሣለ መልክዓ ምድር ላይ ተደርጎ አንድ በአንድ ፎቶ ይነሣል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚያልፍ 92 ደቂቃ ከ130 ሺህ በላይ ፍሬም ማለት ነው። ሥራውን ለማቃለል አንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ፍሬም ይውላል። የመልክዓ ምድሩ ሥዕል በውሃ ቀለም የተሠራ ስለሆነ ሜዳው ለስላሳ መልክ አለው። ደሙ ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ለስላሳ ሜዳ ላይ ስለሚፈስ ነው።

ድምፅና ሙዚቃ

ለሄዘል ድምፁን የሰጠው ጆን ኸርት ነው። ፋይቨርን ሪቻርድ ብራየርስ፣ ቢግዊግን ማይክል ግራሃም ኮክስ፣ ጄኔራል ዋውንድዎርትን ሃሪ አንድሩስ ሠርተዋል። ኪሃር የተባለውን የባሕር ወፍ የሠራው ዜሮ ሞስቴል ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በ1977 ሞቷል። አብዛኛውን ሙዚቃ የደረሰችው አንጀላ ሞርሊ ናት። ፋይቨር በጥይት የቆሰለውን ወንድሙን ሲፈልግ የሚሰማውን «ብራይት አይዝ» የተባለ ዘፈን የደረሰው ማይክ ባት፣ የዘፈነው አርት ጋርፈንከል ነው። ዘፈኑ በ1979 በእንግሊዝ ለስድስት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል።

የዕድሜ ደረጃና ክርክር

የእንግሊዝ የፊልም ምደባ ቦርድ በ1978 ፊልሙን ለሁሉም ዕድሜ ፈቀደ። ካርቱን በመሆኑ የደሙ ሥዕል እንደ እውነተኛ ሰው ፊልም አያስፈራም ከሚል ሐሳብ ነበር። ብዙ ወላጆችም «የጥንቸል ፊልም» ብለው ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። በዚያ ዘመን ያዩት ብዙ ሰዎች አድገውም ፍርሃታቸውን አልረሱም። በ2016 በፋሲካ ቀን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ከወላጆች ቅሬታ ቀርቧል። ቦርዱም በ2022 ደረጃውን ለውጦ የወላጅ ምክር ያስፈልገዋል ከሚባሉት መደበው።

ፊልሙን የሚደግፉ ወገኖች የሚሰጡት መልስ ከታሪኩ የተወሰደ ነው። የወጥመዱ መንደር ነዋሪዎች ጠግበው ይኖራሉ፤ ስለ ሞት ግን አይናገሩም፣ የጠፋው ጓደኛቸው የት ሄደ ብሎ መጠየቅም አይፈቀድም። ሄዘልና ጓደኞቹ የሚተርፉት አደጋውን በስሙ ስለሚጠሩት ነው። በዚህ አስተያየት መሠረት ሞቱ ከፊልሙ ቢወጣ ታሪኩ ራሱ ይፈርሳል። አዳምስ በበኩሉ መጽሐፉ ስለ ፖለቲካም ሆነ ስለ ሃይማኖት የተሠወረ ትርጉም እንደሌለው፣ ለልጆቹ የተነገረ ታሪክ ብቻ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

ተከታይ ሥራዎች

ሮዘን በ1982 ሌላውን የአዳምስ ልብ ወለድ «ዘ ፕሌግ ዶግስ» በአኒሜሽን ሠርቷል። ከ1999 ጀምሮ የዎተርሺፕ ዳውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም የቀረበ ሲሆን፣ ቀድሞ ሄዘልን የሆነው ጆን ኸርት በዚህ ጊዜ የጠላቱን የዋውንድዎርትን ድምፅ ሰጥቷል። በ2018 ቢቢሲና ኔትፍሊክስ በኮምፒውተር የተሠራ ባለ አራት ክፍል ፊልም አወጡ። በዚህኛው ደሙ ከ1978ቱ እንዲቀንስ ተደርጓል።