ሀብት መያዝና በሀብት መያዝ

ከ1900 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ በሮም መንግሥት ሁለት አዋቂዎች ነበሩ። አንዱ ሴኔካ ይባላል። እጅግ ሀብታም ነበር። ሌላው ኤፒክቴተስ ይባላል። እሱ ባሪያ ነበር። ታዲያ የባለጸጋውና የባሪያው ትምህርት እንዴት ተመሳሰለ?

ሴኔካ የንጉሠ ነገሥቱ የኔሮ መምህርና አማካሪ ነበር። ሀብት መያዝ አያስነውርም፤ ነውሩ በሀብት መያዝ ነው የሚል ትምህርት ጻፈ። ነገር ግን አፍህና ኑሮህ አይገጥምም ብለው የነቀፉት ነበሩ። ታሲተስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ62 ዓ.ም. ሴኔካ ሀብቴን መልሰህ ውሰድ፣ እኔም ልረፍ ብሎ ኔሮን ለመነ። ኔሮ እምቢ አለ። በ65 ዓ.ም. ሴኔካ አድመሃል ተባለ። ራሱን እንዲገድል ታዘዘና ሞተ። ያ ሁሉ ሀብት አላዳነውም።

ኤፒክቴተስ የተወለደው ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር ነው። ባሪያ ሳለ ከመምህር እግር ሥር ተማረ። በኋላ ነጻ ወጣና እሱም መምህር ሆነ። ንጉሠ ነገሥት ዶሚሽያን ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር ወደ ግሪክ አገር ሄደ። እዚያም ኒቆፖሊስ በምትባል ከተማ አስተማረ።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ አንዳንዱ ነገር በእጃችን ነው፤ አንዳንዱ አይደለም። ዝናብ በእጃችን አይደለም። ዋጋም፣ የሰው ሐሜትም እንዲሁ። ሐሳባችንና ጥረታችን ግን የእኛ ነው። ደስታን እዚያ ፈልጉ ይላል።

አንድ ቀን ሌባ የብረት መብራቱን ሰረቀው። ኤፒክቴተስ ነገ የሸክላ እገዛለሁ አለ። ሌባው ለአንዲት መብራት ሲል ታማኝነቱን ከፈለ፤ እንግዲህ የከሰረው እሱ ነው ብሎ ለተማሪዎቹ አስረዳ።

ኤፒክቴተስ መጽሐፍ አልጻፈም። አርያን የሚባል ተማሪው ግን ሲያስተምር እየሰማ ጻፈ። ከዚያ ውስጥ 4 መጻሕፍት እስከ ዛሬ አሉ።

ሉቅያኖስ የተባለ ጸሐፊ ደግሞ የሌላ ሰው ነገር እያሳቀ ይነግረናል። ሰውዬው ኤፒክቴተስ ከሞተ በኋላ የሸክላ መብራቱን በ3000 ድራክማ ገዛ። ድራክማ የግሪኮች ገንዘብ ነበር። ለምን ገዛ? በዚያች መብራት ማታ ማታ ባነብ እንደሱ ጠቢብ እሆናለሁ ብሎ ነዋ!

አንዱ ቃሉን ጻፈ፤ አንዱ ሸክላውን ገዛ። አንባቢ ሆይ፣ ጥበቡን ያገኘው የትኛው ነው?