የማን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው?

ባለፈው ጥር ሰባት ቀን ማታ የእህቴ ልጅ እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። እነሱ ሰፈር ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ነው እኔ ዘንድ የመጣችው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ውጤቷ 3.86። በቤተሰባችን እንዲህ ያለ ውጤት አይተን ስለማናውቅ እናቷ ቁጥሩን ለቡና ጎረቤቶቿ ሁሉ በቃሏ ትናገረዋለች። ያን ማታ የምትልከው በአውሮፓ ለሚሰጥ አንድ የማስተርስ ትምህርት የነፃ ዕድል ማመልከቻ ነበር። ማብቂያው ‹‹ጃንዋሪ 15፣ 12:00›› ይላል። ጃንዋሪ 15 ጥር 7 ነው፤ በትክክል ቆጥራለች። 12:00 በእኛ ስድስት ሰዓት ነው፤ እሱንም በትክክል ቆጥራለች። ‹ቀኑ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ነው› ብላ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አድርጋ ያዘችው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ወረቀት ልታያይዝ ስትል ገጹ ተዘግቷል አላት። ለካ ስድስት ሰዓቱ የቀን ኖሯል፤ ያውም የአውሮፓ። በአዲስ አበባ ሲሰላ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሰባት ሰዓት ሙሉ አልፎታል።

‹‹እትዬ፣ አለቀ›› አለችኝ። አላለቀሰችም። ሦስት ቀን ግን እህል በወጉ አልቀመሰችም።

እኔ በ1974 ዓ.ም. በነርሲንግ ዲፕሎማ ተመርቄ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነርስ ስንሆን መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ መድኃኒት ከመስጠት በፊት አምስት ነገር ማረጋገጥ ነው፦ ትክክለኛው በሽተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። በካርዱ ላይ ሰዓት ስንጽፍ ከጎኑ በእንግሊዝኛ ‹ኤልቲ› የሚሉ ሁለት ፊደላት እናስቀምጣለን፤ የአገር ሰዓት ነው ለማለት። እነዚያ ፊደላት ከሌሉ ‹2:00› የሚለውን አንዷ ተረኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ትለዋለች፤ ሌላዋ በፈረንጅ ቆጥራ ስምንት ሰዓት ታደርገዋለች። በሽተኛው መሀል ላይ ይጎዳል። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራበት ኖሬ፣ ከልጅቷ ጎን ተቀምጬ ሻይ ስቀዳ ‹‹የማን 12 ሰዓት ነው?›› ብዬ አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን አዲሱ የትምህርት ዘመን ተጀምሯል። ጎበዝ ልጅ ግቢ የላካችሁ ወላጆች ብዙ ናችሁና፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ጠይቄና አንብቤ ያወቅሁትን ላካፍላችሁ።

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን 3.25 እና ከዚያ በላይ ያመጣ በማዕረግ፣ ከ3.50 ጀምሮ በታላቅ ማዕረግ፣ ከ3.75 ጀምሮ በእጅግ ታላቅ ማዕረግ ይመረቃል። በምረቃው ዕለት ሜዳሊያና ዋንጫ አለ፤ ከሴቶች አንደኛ ለወጣችው ለብቻ ሽልማት የሚሰጡም አሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ ውጤት ካመጡት መካከል አወዳድረው በረዳት ምሩቅነት ይቀጥራሉ፤ የመምህርነት መነሻው እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። 3.9 ያላትም ብትሆን እሱን ሳታልፍ ዲግሪ አታገኝም። እኛ ወላጆች ‹ማዕረግ ካመጣች ሌላው ራሱ ይመጣል› እንላለን። ራሱ አይመጣም። ማስታወቂያው ይወጣል፣ ቀኑ ያልፋል፤ ማንም ቤት ድረስ መጥቶ በር አያንኳኳም።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ወራት ዋናዎቹ ናቸው። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ዕድል ማመልከቻዎች በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይቀበላሉ። ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ይማራል፤ ለኑሮው በወር 1,400 ዩሮ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳይመረቅም ማመልከት ይችላል። ተመርቄ ልረፍና አስብበታለሁ ያለ ልጅ አንድ ሙሉ ዓመት አቃጠለ ማለት ነው። የሃንጋሪ መንግሥት የሚሰጠው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ብዙውን ጊዜ ኅዳር ላይ ተከፍቶ ጥር ላይ ይዘጋል፤ አመልካቹ በአገሩ መንግሥት በኩልም መታጨት ስላለበት ሥራው ድርብ ነው። የቱርክ መንግሥት ቱርኪዬ ቡርስላሪ ባለፉት ዓመታት ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሯሪ 20 ነው የተቀበለው፤ በእኛ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13። ገና አልፎ ጥምቀት ሲደርስ፣ ቤቱ እንግዳ በሞላበት ሰሞን ማለት ነው! ለማስተርስ ዕድሜ ከ30 በታች መሆን አለበት፤ ለማመልከቻ ምንም ገንዘብ አይጠየቅም። ይህን ያነሳሁት ‹‹እናስጨርስልሃለን›› እያሉ ከወላጅ ገንዘብ የሚቀበሉ ደላሎች ስለበዙ ነው። በጎረቤቴ ላይ ደርሷል።

ቀን ስትቆጥሩ አንድ ነገር አትርሱ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት የፈረንጁና የእኛ ቀን በአንድ ቀን ይዛነፋል። አምና ጥር 7 የነበረው በዚያ ዓመት ጥር 6 ይሆናል። ‹እንደ አምናው ነው› ማለት ያስቀጣል።

ደግሞ ሁሉም ዕድል ለአዲስ ተመራቂ አይደለም። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ሥራ ነው። ሲጨርሱም ወደ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ይህን ሳያነብ ሦስት ሳምንት ደክሞበታል። ባሕር ማዶ ያልሆነም አለ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው የትምህርት ዕድል በተለይ አካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች ያሰበ ነው። አካል ጉዳት ያለበት ጎበዝ ልጅ በቤታችሁ ካለ ጠይቁ።

ከሁሉ ያደከመን ግን ስም ነው። ‹ትክክለኛው በሽተኛ› ያልኩት እዚህ ላይ መጣ። የልጅቷ የአባቷ ስም በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ በእንግሊዝኛ በአንድ ‹ኤል› ነው የተጻፈው፤ በፓስፖርቷ ላይ በሁለት። በዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት ላይ ደግሞ የመጨረሻው አናባቢ ተለውጧል። በአማርኛ አንድ ሰው ነው፤ ለፈረንጁ ግን ሦስት ሰው ነው። የልደት ቀኗም ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲመለስ በአንዱ ወረቀት ላይ ዓመቱ ብቻ ተቀይሮ ወሩና ቀኑ እንዳለ ቀርቷል። ይህን ለማስተካከል ታኅሣሥን ሙሉ ተመላለስን። ጥር ሰባት ማታ ድረስ የዘገየችውም በዚሁ ነው፤ የመጨረሻዋ ወረቀት የተስተካከለው ትራንስክሪፕት ነበረች። ልጃችሁ ገና ሁለተኛ ዓመት ከሆነ ወረቀቶቹን ዛሬ ማታ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ፊደል በፊደል አስተያዩ። ይህን ለማድረግ መማር አያስፈልግም፤ ዓይን ብቻ ይበቃል።

እህቴ ስለ ግቢ ዝግጅቶች የነበራት አስተያየት መጥፎ ነበር። ልጅቷ ‹ቅዳሜ የነፃ ትምህርት ዕድል ገለጻ አለ› ወይም ‹የምርምር ቀን ነው› ስትላት፣ ‹‹ስብሰባ ምን ያደርግልሻል? አርፈሽ አጥኚ›› ትላት ነበር። እኔም ብሆን ከእህቴ ጋር ነበርኩ፤ አልዋሽም። ነገሩ የገባን የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈለግ ነው። ለአብዛኛው ዕድል ሁለት መምህራን ስለ ተማሪዋ መጻፍ አለባቸው። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ‹ኤ› ማምጣት ብቻውን መምህሩ እንዲያውቃት አያደርግም። አንደኛው መምህሯ ቅን ሰው ናቸው፤ ግን የጻፉት ሦስት መስመር ነው፤ ጎበዝ ተማሪ እንደሆነችና ሥነ ምግባሯ መልካም እንደሆነ። ስለማንም ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛዋ መምህርት ግን በምርምር ቀን ፖስተሯ ፊት ቆመው የጠየቋት ነበሩ፤ ገጽ ተኩል ጻፉላት። ያቺ እናቷን ደብቃ የሄደችባት ቅዳሜ ናት ይህን ያመጣችላት። ለመምህር ደብዳቤ ሲጠየቅ ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። ማብቂያው ሦስት ቀን ሲቀረው መጠየቅ መምህሩንም ማስጨነቅ ነው።

ወደዚያች ሳምንት ልመለስ። በሦስተኛው ቀን እህቴ መጣች። ተቆጥታ ነበር፤ ‹‹ስንት ሰዓት እንደሆነ ካላወቅሽ ታዲያ ምን ተማርሽ?›› አለቻት። ልጅቷ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በሥራ ዘመኔ ከጎበዝ ተማሪዎች መካከል እንቅልፍ አጥተው፣ ጨጓራቸው ተልጦ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የሚመጡ አጋጥመውኛል። ብዙዎቹ በሽታቸው ከፈተናው ይልቅ ቤታቸው ምን ይለኝ የሚለው ፍርሃት ነበር። እህቴን በረንዳ ላይ አስቀመጥኳትና ሳጥኔን ከፍቼ አንድ ወረቀት አመጣሁ። ልጅቷንም ጠራኋት።

ወረቀቱ የ1976 ዓ.ም. ደብዳቤ ነው። እኔ ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ ነበር የተመረቅሁት። የተመደብኩት ኢሉባቡር ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ ክረምት ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ትምህርቴን እንድቀጥል ታጭቼ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ቀርቤ ፎርም እንድሞላ ተጽፎልኝ ነበር። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ደብዳቤው እጄ የገባው ኅዳር ላይ፣ የቡና መኪኖች መግባት ሲጀምሩ ነው። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ሄዷል። ለእናታችን እንኳ አልነገርኩም። እህቴም ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ‹‹አንቺ ቀድሞም መማር አትወጂም›› ስትለኝ ኖራለች።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ልጇን፣ ‹‹ነይ ምሳ ብዪ›› አለቻት። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ልጅቷ ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተናውን አልፋ በእጅግ ታላቅ ማዕረግ ተመርቃለች። ዘንድሮ እንደገና ታመለክታለች። እኔ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፤ የፈረንጁ ቀን፣ የእኛ ቀን፣ የፈረንጁ ሰዓት፣ የእኛ ሰዓት፣ ቀጥሎም ‹ቀን› ወይም ‹ሌሊት›። እህቴ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ፓስፖርቱና ትራንስክሪፕቱ አሁን ፊደላቸው አንድ ሆኗል። ደብዳቤ ከጠየቀቻቸው ሁለት መምህራን መካከል ሴትዮዋ እሺ ብለዋታል። ሌላውን ሦስት ጊዜ ቢሮ ሄዳ አጥታቸዋለች፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ከመግባታቸው በፊት በራቸው ላይ ትቆማለች።