እንዴት ይሠራል? የካፋ ባለእጅ ጦርና ገጀራ

ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው የቡና ጫካ ውስጥ አንድ ገጀራ በቀን ምን ያህል እንደሚደክም አስቡት። ጠዋት የቡናውን ሥር ይመነጥራል። ረፋዱ ላይ ሐረግ ይቆርጣል፣ እንሰት ይጥላል። ማታ ደግሞ ደጃፍ ላይ ማገዶ ሲፈልጥ ይገኛል። ይህ መሣሪያ ሁለት የማይስማሙ ጠባዮች ያስፈልጉታል። ስለቱ እንዳይደንዝ ጠንካራ መሆን አለበት። አካሉ ደግሞ ግንድ ሲመታ እንዳይሰበር መቻል አለበት። ብረት ሲጠነክር ይሰበራል፣ ሲለሰልስ ይጣመማል። በገበያ ከሚሸጡት ርካሽ ቢላዎች ብዙዎቹ ከሁለቱ በአንዱ የወደቁ ናቸው።

ካፋ ውስጥ ይህን ችግር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲፈቱ የኖሩት ቀጥቃጮች ናቸው። ዛሬ ከእጃቸው የሚወጣው በአብዛኛው ገጀራ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ዶማ ነው። ዕውቀቱ የተፈተነው ግን በጦር ላይ ነው። የካፋ መንግሥት እስከ 1890 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ በራሱ ነገሥታት ሲተዳደር ኖሯል፤ ድንበሩንም በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር ይጠብቅ ነበር። የዐፄ ምኒልክ የጦር አዛዥ የነበሩት የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጠመንጃ ይዞ ሲዘምት፣ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾና ሕዝባቸው ለወራት የተከላከሉት በአብዛኛው በጦርና በጋሻ ነበር። ጋሻውን ቆዳ ፋቂ ሠራው፤ የጦሩን ጫፍ ደግሞ ባለእጅ። አንድ ባለእጅ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ገጀራ ከሠሩ ጥሩ ጦር ለመሥራት የሚጎድላቸው ነገር ጥቂት ነው። እሳቱ አንድ ነው፣ መዶሻውም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው በቅርጹ ላይ ነው።

ድሮ ሥራው የሚጀምረው ከአፈር ነበር። ብረት ያለበት ቀይ ድንጋይ ተለቅሞ ከከሰል ጋር በሸክላ ምድጃ ውስጥ ይደረደርና በወናፍ ይነፋል። የሚገርመው ነገር በዚህ ምድጃ ውስጥ ብረቱ አይቀልጥም። ብረት የሚቀልጠው ወደ 1,538 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው፤ የሸክላ ምድጃው ግን 1,200 ወይም 1,300 አካባቢ ላይ ይቆማል። የሚቀልጠው በድንጋዩ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሲሆን እሱ ፈስሶ ሲወጣ ወንፊት የመሰለ የብረት እብጠት ይቀራል። ያ እብጠት እንደጋለ ተደጋግሞ ሲቀጠቀጥ የቀረው ቆሻሻ ተጨምቆ ይወጣል። ከካፋ በስተ ደቡብ፣ በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የዲሜ ሰዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ለጎረቤቶቻቸውም ብረት ያቀርቡ ነበር። መኪናና የፋብሪካ ብረት ሲመጣ ግን ድንጋይ ማቅለጡ ቀረ። እንዲህ ያለ ድካም ውስጥ ገብቶ የሚያወጣው ብረት ከመንገድ ዳር ከሚገኘው ቁርጥራጭ የተሻለ ካልሆነ ማንም አይቀጥልበትም፤ በዚህ የሚወቀስ ሰው የለም።

ዛሬ ባለእጁ የሚሹት ባሌስትራ ነው። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ የካርቦን መጠኑ ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። የግንባታ ፌሮ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር በዚህች ካርቦን ላይ የተመሠረተ ነው። ካርቦኑ ከመቶ 0.3 ገደማ በታች ከሆነ ብረቱን አግለው ውኃ ውስጥ ቢነክሩት እንኳ እምብዛም አይጠነክርም። ስለዚህ ከፌሮ የተሠራ ገጀራ መልኩ ያማረ ቢሆንም አንድ ሳምንት ሳይሞላው ስለቱ ይታጠፋል። ገበሬው «የድሮ ብረት ቀረ» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የዘመኑ ሳይሆን የካርቦኑ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። ባለእጁ እንጨት የማያነዱት፣ ከሰል የሚጠቀሙት ለምንድን ነው? እንጨት ውስጥ ውኃና ጭስ አለ፤ ሲነድ ከሙቀቱ ብዙውን ውኃውን ለማትነን ያባክነዋል። ከሰል ውኃውና ጭሱ አስቀድሞ የወጣለት፣ ካርቦን ብቻ የቀረ እንጨት ነው። አየር እስካገኘ ድረስ በጥቂት ቦታ ላይ ከፍተኛ ሙቀት ይሰጣል። አየሩን የሚያቀርበው ወናፉ ነው። ወናፉ ሁለት የፍየል ሌጦ ነው፤ አንዱ ሲጫን ሌላው ይሞላል፣ ስለዚህ ነፋሱ አይቋረጥም። ነፋሱ በሸክላ ቧንቧ አልፎ ከሰሉ መሐል ይገባል። ወናፉን የሚነፋው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ነፋሱን በዘፈቀደ ቢያበዛው ብረቱ ይቃጠላል፣ ቢያሳንሰው አይግልም። ሙያው የሚጀምረው እዚህ ነው። ልጁ እጁ እየለመደ ዓይኑም አብሮ ይማራል።

ባለእጁ ቴርሞሜትር የላቸውም፤ የሚያነቡት ቀለም ነው። የመሥሪያ ጎጆው ጨለም ያለ መሆኑም በምክንያት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን የጋለ ብረት ቀለሙ ይሸሸጋል። ብረቱ ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን 600 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በዚህ ሙቀት ቢመቱት ብዙም አይታዘዝም። ደማቅ ቀይ ሲሆን 800 አካባቢ ነው። ብርቱካናማ ሲሆን 900ን አልፏል፤ ጥሩ ቅጥቀጣ የሚገኘው ከዚህ ጀምሮ እስከ ቢጫው ድረስ ነው። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ግን ብረቱ ራሱ እየነደደ ነው፤ ያ ቁራጭ አይተርፍም። ነፋሱ በዝቶ ብረቱ እሳት ውስጥ ከቆየ ደግሞ በላዩ ላይ ያለው ካርቦን ከአየሩ ጋር ተቃጥሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ባሌስትራው ቀስ በቀስ ፌሮ ይሆናል ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ብልሽት በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው ገዢው ጫካ ሲገባ ነው።

ባለእጁ ብረቱን በጉጠት ይዘው መስፉ ላይ ሲያስቀምጡ ጊዜው የሚቆጠረው በሰከንድ ነው። ጦር ሲሠሩ ከአንደኛው ጫፍ ይጀምራሉ። ይህን ጫፍ ቀጥቅጠው እንደ ማራገቢያ ያሰፉታል፤ ከዚያ በክብ ዘንግ ዙሪያ ጠቅልለው የእንጨቱ ዘንግ የሚገባበትን ቱቦ ይሠራሉ። ቀጥሎ ሌላውን ጫፍ እየሳቡ ምላጩን ያወጣሉ። ጥሩ ጦር ምላጩ ወለል ያለ ብቻ አይደለም፤ መሐሉ ላይ ከጫፍ እስከ ቱቦው የሚዘልቅ ሸንተረር አለው። ይህ ሸንተረር ጌጥ አይደለም። ብረት የመታጠፍ ኃይልን የሚቋቋምበት አቅም ከውፍረቱ ጋር እጅግ በፍጥነት ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በጣራችሁ ላይ ያለው ቆርቆሮ ሞገድ ባይኖረው ኖሮ ድመት ስትሄድበት ይጎደጉድ ነበር፤ ሸንተረሩም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ብረቱ ሳይበዛ ምላጩ ይጸናል። ዘንግ ላይ የሚቀመጥ ነገር ክብደቱ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ጦሩን መወርወር ይቀልላል።

ቅርጹ ከወጣ በኋላ ከሁሉ የሚያስፈራው ሥራ ይመጣል። ብረቱ ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ከ727 ዲግሪ በላይ፣ በውስጡ ያሉት አተሞች ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ ካርቦኑም በመካከላቸው ይሟሟል። በዚሁ አካባቢ፣ 770 ገደማ ላይ፣ ብረቱ ማግኔት አይስብም፤ ማግኔት ያላቸው ባለእጅ በዚህ ሊፈትሹት ይችላሉ። አሁን በድንገት ካቀዘቀዙት ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። በቦታው ታስሮ ይቀርና ብረቱን ከውስጥ ይወጥረዋል። ጥንካሬ ማለት ይህ ውጥረት ነው። ውኃ በጣም ፈጣን ስለሆነ ባሌስትራ ውስጡ ሲገባ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም በጆሮ ይሰማል፣ የግማሽ ቀን ሥራም አብሮ ይሄዳል። ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚያቀዘቅዝ ለባሌስትራ የተሻለ ነው፤ ከጋራዥ የሚገኝ የተቃጠለ ዘይትም ያገለግላል።

ከዘይቱ የወጣው ምላጭ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ለስለስ አድርጎ ማሞቅ ያስፈልጋል። ባለእጁ ጥቂት ቦታ በአሸዋ ፈትገው ያበሩና ምላጩን ከከሰሉ በላይ ያቆዩታል። ባበሩት ብረት ላይ ቀለሞች በተራ ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ፈዛዛው ቢጫ 220 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሰማያዊው 300 ገደማ። ቢጫው ላይ ያቆሙት ጠንካራ ነው፤ ሰማያዊው ላይ ያቆሙት ተጣጣፊ ነው። ለገጀራ ወገቡን ሰማያዊ፣ ስለቱን ቡናማ ላይ ማቆም ያስፈልጋል። መጀመሪያ ያነሣነው የሁለት ጠባዮች ጥያቄ የሚመለሰው በዚህች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ይህ ጥያቄ የካፋ ባለእጅ ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ በ1400ዎቹና በ1500ዎቹ፣ እነሱ የህዳሴ ዘመን በሚሉት ጊዜ፣ የሚላኖ፣ የአውግስቡርግና የኢንስብሩክ ባለእጆች ለነገሥታት ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን የብረት ልብስ ይሠሩ ነበር። የእነሱም ፈተና ይኸው ነበር። አለን ዊልያምስ የተባሉ የብረታ ብረት ተመራማሪ የእነዚያን ልብሶች ብረት በማይክሮስኮፕ እየመረመሩ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ካገኙት ነገር አንዱ የሚያስደንቅ ነው፤ በ1400ዎቹ ብረታቸውን እየነከሩ ያጠነክሩ የነበሩት ሚላኖዎች በ1500ዎቹ ሥራውን በአብዛኛው ትተውታል። አንዱ ምክንያት ወርቅ ነው። ብረት በወርቅ ሲለበጥ ወርቁ ከባዜቃ ጋር ተቀላቅሎ ይቀባል፤ ባዜቃው እንዲተን ብረቱ ከ350 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሰማያዊውን ቀለም አልፎ የሄደ ብረት ጥንካሬው ይጠፋል። ልብሱ አማረ፣ ብረቱ ለሰለሰ። በልብሱ ደረት መሐል ከፍ ብሎ የሚወጣው ጠርዝም ከካፋ ጦር ሸንተረር ጋር አንድ ምክንያት አለው።

በዚያው ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ በላኩት ደብዳቤ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሰይፍና የጦር መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ያንኑ ጥያቄ ለአውሮፓ አቀረቡ፤ ጋፋት ላይም ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን ይዘው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። እዚህ ላይ እኔን የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ባሕር ማዶ እየተጻፈ ሲለመን በአገር ውስጥ ያሉት ባለእጆች ከማዕድ ይለዩ ነበር። ሰሜን ላይ ቀጥቃጭ ቡዳ ተባለ። ካፋም አልተሻለም፤ ቀሞ የሚባሉት ብረት ሠሪዎች ከሌላው ሕዝብ ጋር አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፣ ማዕዱን ግን አልመለሰም። ሰው የሚንቀውን ሥራ ለልጁ አያወርስም፤ ወናፍ የሚነፋው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲማር የአባቱን ሙያ እንዲደብቅ ካደረግነው ዕውቀቱ ከአባትየው ጋር ይቀበራል። ልጁ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ስለ ካርቦንና ስለ ብረት ሲማር መምህሩ «አባትህን ጠይቃቸው» ቢሉት ምንኛ በተሻለ ነበር።

ባለእጅን ማክበር ከግዢ ይጀምራል። በቦንጋም ሆነ በሌላ ገበያ ገጀራ ስትገዙ የብረቱን ምንጭ ጠይቁ፤ ባሌስትራ ከሆነ ባለእጁ ራሳቸው በኩራት ይነግሯችኋል። ምላጩን በጣት አንጠልጥላችሁ በሌላ ብረት ነካ አድርጉት፤ ያልተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይረዝማል፣ የተሰነጠቀ ይቆርጣል። ስለቱን በሞረድ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት፤ ሞረዱ እየተንሸራተተ ከሄደ ጠንካራ ነው፣ ጥልቅ ብሎ ከያዘ ለስላሳ ነው። ከባሌስትራ ለተሠራው የተጠየቃችሁትን ትንሽ ጭማሪ ክፈሉ፤ በውስጡ የከሰል ዋጋና የተሰነጠቁት ምላጮች ኪሳራ አለ።

ቤት ከገባ በኋላ በደረቅ ግራይንደር አታሹሉት። ስለቱ ቀጭን ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ 300 ዲግሪ ያልፋል፤ የሚላኖን ልብስ ወርቅ እንዳለሰለሰው ሁሉ ገጀራችሁም ይለሰልሳል። በእርጥብ ድንጋይ ሳሉት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ግን ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷልና ወደ ሠሩት ባለእጅ መልሱት። እንደገና አግለው ዘይት ውስጥ ይነክሩታል፤ ከዚያ ከሰሉ ላይ ይዘው ቡናማው እስኪመጣ ይጠብቃሉ።