በክረምት በዓላትና በአደባባይ ጨዋታዎች ጊዜ ስለሚያስፈልገው የንጽሕና ጥንቃቄ

ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ በከተማችን የአደባባይ በዓላት የሚበዙበት ወራት ነው። ነሐሴ 12 ቀን ማታ ችቦ ይበራል፤ በማግሥቱ ወንዶች ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዶች የአሸንዳን፥ የሻደይንና የሶለልን ጨዋታ ይዘው ይወጣሉ፤ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ይባላል፤ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል። በዘመናችን ደግሞ የሙዚቃ ባንዶች በሜዳና በመናፈሻ የሚያሰሙት ዝግጅት ተጨምሮበታል። በሾላ ገበያ ዙሪያ፥ በየካና በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባሉት ሠፈሮች የሚኖር ሰው በነዚህ ሳምንታት የከበሮና የእልልታ ድምፅ ሳይሰማ የሚያልፈው ቀን ጥቂት ነው።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ጨዋታውን ለመንቀፍ አይደለም። ከተማሩት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ በጭቃ ላይ ጅራፍ ማጮህና በየደጁ መዝፈን የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ሲሉ እንሰማለን፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚሆን መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። እስክስታ የሚወርድ ጎልማሳ ይህን ያለ አሠልጣኝና ያለ ክፍያ ይፈጽመዋል፤ ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያንም ልጆቹ በደጃቸው ቆመው ስማቸውን በግጥም ሲያነሡላቸው የሚሰማቸው ደስታ ከመድኃኒት የሚቆጠር ነው። የእኛ ሐሳብ ከበዓሉ በኋላ በየቤቱ ታመው ስለሚተኙት ልጆች ነው።

ከበዓል ማግሥት አንድ ልጅ ሆዱን ቢቆርጠው፥ ቢያስመልሰውና ቢያስቀምጠው፥ በቤተ ሰቡ ዘንድ ሦስት ዓይነት ምክንያት ይሰጣል። አንዱ «ብርድ መታው» ይላል፤ ሌላው «ምች ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ልጁ በሰው ፊት ስለ በላ «የሰው ዓይን በላው» ይላል። በዚህ አባባል መሳቅ አይገባም። በብዙ ሰው መካከል የበላ ልጅ ብዙ ጊዜ እንደሚታመም እናቶቻችን በትክክል ተመልክተዋል፤ የተሳሳተው የምክንያቱ ስም ብቻ ነው። በ1854 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በለንደን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ የዚያ አገር ሊቃውንት ሳይቀሩ ብዙዎቹ በሽታው ከመጥፎ አየር የመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን የሞቱት ሰዎች ከየት ይቀዱ እንደ ነበር ቤት ለቤት ጠይቆ፥ ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ወዳለው አንድ የውሃ መቅጃ ደረሰ፤ የመቅጃውም እጀታ እንዲነቀል አስደረገ።

ስለ ብርድ ግን አንድ ቃል እንጨምር። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ስለሚያልፍ የነሐሴ ማታ በዚያ አካባቢ በእርግጥ ይበርዳል፤ ዝናብ የመታውን ልጅ ልብስ መለወጥም ደግ ነው። ይሁን እንጂ ተቅማጥ የሚመጣው ከአፍ በሚገባ ነገር እንጂ ከቀዝቃዛ አየር አይደለም።

እንግዲህ ወደ አፍ የሚገባው እንዴት ነው? የሰው ዓይነ ምድር በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ተሐዋስያንን ይይዛል። የኮሌራ ተሐዋስያን የገቡበት ሰው ብዙ ጊዜ ሕመም እንኳ አይሰማውም፤ ነገር ግን ለቀናት ከሰውነቱ ያወጣቸዋል። በበጋ ይህ ቆሻሻ በፀሐይ ይደርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን የጉድጓድ መጸዳጃዎች በዝናብ ሞልተው ይፈሳሉ፤ በየጥጉ የተጣለውንም ጎርፍ ያነሣዋል። ከእንጦጦ የሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉት ወንዞች ከተራራው ሲነሡ ንጹሕ ናቸው፤ ሠፈሮቹን አቋርጠው ሲያልፉ ግን ቦዮችና ቱቦዎች የተሸከሙትን ሁሉ ይቀበላሉ። ለበዓል ዶሮና ቅቤ፥ ሽንኩርትና ቅመም ለመግዛት ሾላ ገበያ የወረደ ሰው ጭቃውን በጫማው ይዞ ይመለሳል። ልጁ በዚያ ጭቃ ላይ ጅራፉን ይጎትታል፤ ሲያጮኸው ጭቃው ወደ ፊቱና ወደ እጁ ይረጫል፤ የወደቀውን ዱላ ያነሣል፤ ከዚያም ሙልሙሉን ይቀበላል።

ሙልሙሉ ከምጣድ በወጣ ጊዜ እሳት ያጠራው ስለ ሆነ ምንም በሽታ የለበትም። የሚያረክሰው የሚቀበለው እጅ ነው። ከዚህም በቀር ዳቦው በአንድ ከረጢት ተከማችቶ በመጨረሻ ለሁሉም ስለሚከፋፈል፥ የአንዱ ልጅ እጅ የሁሉ እጅ ይሆናል።

በሽታው ከበዓሉ ጋር ያለው ግንኙነት ሁልጊዜ አይታወቅም፤ ምክንያቱም ተሐዋስያኑ የሚቆዩበት ጊዜ ልዩ ልዩ ነው። ኮሌራ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይገለጻል። የአንጀት ተስቦ፥ ብዙዎች ታይፎይድ የሚሉት፥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ በቡሄ ዕለት በሽታው የገባበት ልጅ በጳጉሜን ትኩሳት ይዞት ቢተኛ፥ የቡሄውን ዳቦ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት የተባለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የከተማው ሕዝብ በየቤቱና በየምግብ ቤቱ ሳሙና ማቅረብን ያዘ፤ በሽታው ሲርቅ ሳሙናውም ከብዙ ስፍራ አብሮ ራቀ።

መድኃኒቱ ከውጭ አገር የሚመጣ አይደለም፤ በቤታችን አለ። በአገራችን ሥርዓት እንግዳ ወደ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት የቤቱ ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ በእንግዳው እጅ ላይ ውሃ ያፈሳል። እኛ በባዕድ አገር በተማርንበት ጊዜ ይህን ያህል የተከበረ የእጅ መታጠብ ሥርዓት አላየንም። ነገር ግን ይህ ክብር ከደጃፍ ውጭ ለቆሙት የሆያ ሆዬ ልጆች አይደርስም፤ ዳቦውን ወይም ገንዘቡን ሰጥተን እናሰናብታቸዋለን። የዘንድሮ ልመናችን ማስታጠቢያው ወደ ደጅ ይውጣ የሚል ነው። አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ፥ አንድ ሳሙናና አንድ ሳፋ ይበቃል። ውሃው በእጅ ላይ ይፍሰስ እንጂ ሁሉም በአንድ ሳፋ ውስጥ እጁን አይንከር፤ በሳሙናም 20 ሰከንድ ያህል የእጁን ጀርባና የጣቶቹን መካከል ይሽ። በሳሙና የመታጠብ ልማድ ብቻውን የተቅማጥ በሽታን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ አገር የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል። ልጆቹን እጃችሁን ታጠቡ ማለት እንደ ስድብ እንዳይቆጠር፥ ከምርቃቱ በፊት የሚደረግ የበዓሉ ክፍል አድርጎ መጀመር የባለቤቲቱ ብልኀት ነው።

የጠላ መጠጫም እንዲሁ ነው። በሠፈር ጭፈራ ላይ አምስት ብርጭቆ ለሃምሳ ሰው ሲዞርና ብርጭቆዎቹ በአንድ ሳፋ ውሃ ሲለቀለቁ፥ ሳፋው የሃምሳውን ሰው አፍ በአንድነት ይይዛል። ብርጭቆው በሳሙና ታጥቦ በሚፈስ ውሃ ይለቅለቅ፤ ይህ ካልተቻለ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጣሳ ይዞ ይምጣ።

ትልልቆቹ የአደባባይ ዝግጅቶች ሌላ ጣጣ አላቸው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ተራራው የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ መስከረም 1 ቀንም የቅዱስ ራጉኤል በዓል ስለ ሆነ የእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ያንኑ መንገድ ይይዛሉ። በተራራ ራስ ላይ የተጸዳዳ ሰው ቆሻሻውን በታች ላለው ሠፈር ሁሉ መላኩን አይዘንጋ። በብዙ አገር የአደባባይ ሙዚቃ ፈቃድ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ስንት መጸዳጃ እንደ ተዘጋጀ ይጠየቃል፤ አዘጋጁ የድምፅ ማጉያውን ሲከራይ መጸዳጃውንም አብሮ ይከራያል። ስለ ድምፅ ማጉያው ከተነሣም፥ የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ በሙዚቃ ስፍራ የድምፁ ኃይል በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ወስኗል። ከጭፈራ በኋላ ጆሮው የሚጮኽበት ሰው ጆሮው ተጎድቶአል ማለት ነው፤ ሕፃን ያዘለች እናትም ከማጉያው ፊት አትቁም።

ሕዝብ የሚወጣበት የእንጨት መድረክ በባለሙያ ሳይመረመር አይከፈት። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር የጥምቀት በዓል ላይ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ከአምስት ሰው በላይ ከቆመ ደግሞ ሕዝቡ እንደ ወንዝ መገፋፋት ይጀምራል። በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል በአንድ ጠባብ መንገድ 159 ሰዎች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከነርሱም አብዛኞቹ ደረታቸው ተጨንቆ መተንፈስ አቅቶአቸው ነው። ስለዚህ መግቢያና መውጫው ይለይ።

አሁን ወደ መምህራን እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከሁሉ ይልቅ ያሰብነው እነርሱን ነውና። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። በየሠፈሩ አጥር፥ የውሃ ቧንቧና መጸዳጃ ያለው ሰፊ ሜዳ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሆኖ ሳለ፥ በሩ ተቈልፎ ልጃገረዶቹ በገበያው ዳር በጭቃ ላይ ይጨፍራሉ። ዳይሬክተሮች ከሠፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው በአሸንዳና በእንቁጣጣሽ ቀን ግቢውን ቢከፍቱ ምን ይጎድላል? ግቢው ይቆሽሻል የሚል መልስ እንጠብቃለን። ይቆሽሻል፤ በማግሥቱ ግን ይጠረጋል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሮቶው ከዋዜማው በፊት ይሞላ። መምህሩ የሆያ ሆዬ አውራጆችን በስም ያውቃቸዋል፤ ሐኪም ከሚሰጠው ምክር ይልቅ የእርሱ አንድ ቃል ይሰማል።

የሠፈሩን ቦይ ለመጥረግ ደግሞ ኅዳር 12ን የሚመስል ቀን ቢኖረን መልካም ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ፥ በዚያ ቀን ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ጥራጊውን ሰብስቦ ያቃጥላል። ጭሱ በሽታን አይገድልም፤ የፕላስቲክ ጭስ እንዲያውም ሳንባን ይጎዳል። ነገር ግን ማንም ሳያዝዘው ሕዝብ በአንድ ቀን ለጽዳት መውጣቱ ሊናቅ የማይገባው ልማድ ነው። በነሐሴ 11 ቀን ያለ እሳት፥ በአካፋና በመጥረጊያ ሊደረግ ይችላል።

በችቦ ወይም በርችት የተቃጠለ ልጅ ቢኖር፥ የተቃጠለውን ስፍራ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ ነው፤ ቅቤ፥ የጥርስ ሳሙና ወይም ጭቃ አይቀባ። ዓይኑን ጅራፍ የመታው ልጅ ዓይኑን ሳያሽ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይሂድ።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ አይከልከል፤ ሕፃንም ጡት አይከልከል። የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ሕይወት አድን የተባለው ዱቄት በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ይገኛል፤ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ። እስኪገኝ ድረስ ግን በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ሁሉም ልክ ሆኖ በማንኪያው አፍ ተስተካክሎ፥ ይበጥበጥ። ጨው ማብዛት ጉዳት አለው። ልጁ ከተቀመጠ ቍጥር በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይሰጠው። ዓይኑ የጎደጎደ፥ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ፥ መጠጣት ያቃተው ወይም ዓይነ ምድሩ የሩዝ ውሃ የመሰለ ልጅ፥ በዓልም ሌሊትም ቢሆን፥ ያንኑ ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በመንገድም ላይ መጠጡ አይቋረጥ።