ስለ አዳኝ የጀርባ ከረጢት

በአላስካ ዱር ሙስ የሚባለውን ታላቅ የአጋዘን ወገን የገደለ አዳኝ የሚበላውን ሥጋ ጥሎ እንዳይሄድ ሕግ ያስገድደዋል። የአንዱ ትልቅ ወንድ ሥጋ ከ200 ኪሎ ስለሚበልጥ፥ በአንድ ጊዜ 40 ኪሎ የሚችል ብርቱ ሰው እንኳ ከ5 ጊዜ በላይ ይመላለሳል።

ስለዚህ ከረጢት የሚገዛ ሰው ኪሶቹን ከመቍጠሩ አስቀድሞ የወገቡን መታጠቂያ ይመርምር፤ ሸክም ማረፍ የሚገባው በትከሻ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ ነውና። ዲክ ኬልቲ በ1952 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የአሉሚኒየም ዘንግ ያላቸውን ከረጢቶች መሸጥ የጀመረው ይህንኑ አስተውሎ ነው። ዘንግ የሌለው ከረጢት ለስንቅ ቢያምርም በሥጋ ክብደት ይጣመማል።

ሥጋው ከጀርባ ተጠግቶ፥ ከፍ ብሎ ይታሰር፤ የራቀ ሸክም ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል። በሱቅ ባዶውን አንግቦ «ተመቸኝ» ማለት ግን ከንቱ ነው፤ 20 ኪሎ አሸዋ ጨምሮበት ደረጃ ይውጣ፥ ይውረድም።