በዓሣ አጥማጆች ወቅት የሚመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች፦ የሎፎተን ደሴቶች የብርድ ወራት ጉዞ

ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን በሚገኙት የኖርዌይ የሎፎተን ደሴቶች ከጥር ወር አንስቶ ሁለት ዓይነት እንግዶች ይገባሉ። የመጀመሪያው ዕንቁላሉን ለመጣል ከባሬንትስ ባሕር ተነሥቶ ወደ ቬስትፊዮርድ የሚጓዘው ኮድ የተባለው ዓሣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካሜራውንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ተሸክሞ ከተለያዩ አገሮች የሚመጣው ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ዓሣው የደሴቶቹን ነዋሪዎች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲመግብ ኖሯል። ፎቶግራፍ አንሺው በብርድ ወራት መምጣት ከጀመረ ግን ብዙ ዘመን አልተቆጠረም። ይሁንና የእርሱ መምጣት መንገድ የሚጠርጉትን፣ መጸዳጃ ቤት የሚያስተዳድሩትንና የነፍስ አድን ሥራ የሚያስተባብሩትን አነስተኛ ማዘጋጃ ቤቶች ከባድ የበጀት ጥያቄ ላይ ጥሏቸዋል።

ሎፎተን በኖርድላንድ አውራጃ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ቮጋን፣ ቬስትቮጎይ፣ ፍላክስታድ፣ ሞስከኔስ፣ ቬሮይና ሮስት በተባሉ ስድስት ማዘጋጃ ቤቶች የተከፋፈለ ነው። የሁሉም ነዋሪዎች ቁጥር ተደምሮ ከ24 ሺህ ብዙም አይበልጥም። በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ ከሁሉም ይበልጥ የሚፈለጉትን የራይነንና የሃምኖይን መንደሮች የሚያስተዳድረው ሞስከኔስ ያሉት ነዋሪዎች 1 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያሉት ወራት በኢትዮጵያ የበጋ ወራት ሲሆኑ፣ በዚያ ግን የበረዶ፣ የነፋስና የረጅም ሌሊት ወቅት ናቸው።

ደሴቶቹ በሰሜን ኬክሮስ 67ኛውና 68ኛው ዲግሪ አካባቢ ቢገኙም፣ በተመሳሳይ ኬክሮስ ላይ ካሉት የግሪንላንድና የሳይቤሪያ አካባቢዎች ጋር ሲነጻጸሩ ቅዝቃዜያቸው እጅግ የለዘበ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደ ሰሜን የሚፈሰው ሞቃታማ የባሕር ሞገድ ነው። በጥርና በየካቲት ወራት የባሕር ዳርቻው አማካይ የሙቀት መጠን ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል። ባሕሩ በረዶ ስለማይሠራ ጀልባዎች ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ መንገዶችም ከማዕበል ቀናት በስተቀር ክፍት ናቸው። ጥቁር ውኃ፣ ነጭ ተራራና ቀይ ቤት በአንድ ምስል ውስጥ የሚገናኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ውኃው ቢረጋ ኖሮ የራይነ ተራሮች ነጸብራቅ የሚታይበት ገጽ ባልተገኘ ነበር።

ፎቶግራፍ አንሺውን ከሩቅ የሚጠራው ዋነኛው ነገር ብርሃኑ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ለምድር ወገብ በቀረቡ ከተሞች ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ፣ በባለሙያዎች ዘንድ የሚመረጠው ለስላሳው የማለዳና የምሽት ብርሃን ብዙ አይቆይም። በሎፎተን ግን ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ጨርሶ አትወጣም። ሆኖም እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ሰማያዊና ሐምራዊ ወጋገን ይታያል። ፀሐይ ከተመለሰችም በኋላ ለሳምንታት ከአድማስ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ስለምትጓዝ፣ ቀኑ በሙሉ የንጋት ወይም የምሽት መልክ ይይዛል። በየካቲትና በመጋቢት ቀኑ በፍጥነት እየረዘመ ይሄዳል፤ ተራሮቹ ግን ገና በረዶ እንደለበሱ ናቸው፤ ሌሊቱም ለሰሜን ብርሃን በቂ ጨለማ አለው። ብዙዎቹ የፎቶግራፍ ጉዞዎች በእነዚህ ሁለት ወራት ላይ የሚያተኩሩት ለዚህ ነው።

የሰሜን ብርሃን ወይም አውሮራ የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚነሡ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በመሬት መግነጢሳዊ መስክ ተመርተው ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ጋር ሲጋጩ ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ያለው ኦክስጅን አረንጓዴ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ደግሞ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ሎፎተን ክስተቱ አዘውትሮ በሚታይበት ቀለበት ሥር ይገኛል። የናሳና የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ባለሙያዎች ፀሐይ በአሥራ አንድ ዓመቱ ዑደቷ ከፍተኛ የእንቅስቃሴ ደረጃ ላይ መድረሷን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ማስታወቃቸው የጉዞ ፍላጎቱን ይበልጥ አነሣሥቷል።

ካሜራና የሰሜን ብርሃን የተገናኙት በቱሪዝም አማካይነት አልነበረም። የመጀመሪያው የአውሮራ ፎቶግራፍ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1892 በሰሜን ኖርዌይ አልታ አካባቢ ሲሆን፣ ያነሣውም ጀርመናዊው ማርቲን ብሬንደል ነበር። ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ቢርኬላንድ የክስተቱን መንሥኤ ከፀሐይ ጋር ካያያዘ በኋላ፣ የአገሩ ልጅ የሒሳብ ሊቁ ካርል ስቶርመር እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ተራርቀው በተተከሉ ካሜራዎች ያንኑ ብርሃን በአንድ ጊዜ ማስነሣት ጀመረ። ካሜራዎቹን የያዙት ሰዎች በስልክ እየተነጋገሩ በአንድ ቅጽበት ያነሡ ነበር። ከዚያም የብርሃኑ አቀማመጥ በሁለቱ ፎቶግራፎች ከከዋክብት አንጻር ያለው ልዩነት ተለክቶ ከፍታው ይሰላል። ዛሬ በሎፎተን የባሕር ዳርቻ በሌሊት የሚቆመው ጎብኚ የሚያነሣው ሥዕል የዚያ የምርምር ሥራ የሩቅ ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ለሰሜን ብርሃን ካሜራው በማቆሚያ ላይ ተተክሎ፣ ሌንሱ ሰፊ ተከፍቶ፣ እንደ ብርሃኑ ፍጥነት ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ለሚደርስ ጊዜ ይጋለጣል። ቅዝቃዜው የባትሪውን አቅም ስለሚቀንስ ትርፍ ባትሪዎች በውስጥ ኪስ ይያዛሉ። ከብርድ ወደ ሞቃት ክፍል በድንገት የገባ ካሜራ ላብ ስለሚይዘው፣ ዕቃው በቦርሳው እንደተዘጋ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ ይደረጋል። ከሁሉም በላይ ግን የሚያስቸግረው የአየሩ ጠባይ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ በረዶና ዐውሎ ነፋስ ሊፈራረቁ ይችላሉ። በመሆኑም ጎብኚዎች የኖርዌይ የሜትዎሮሎጂ ተቋም ከአገሪቱ የሕዝብ ብሮድካስት ድርጅት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረውን የአየር ትንበያ አገልግሎት፣ የመንገዶች አስተዳደርን መረጃና የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያዎችን በየዕለቱ ይከታተላሉ። ሦስቱም በመንግሥት ተቋማት ተዘጋጅተው ያለ ክፍያ የሚቀርቡ ናቸው።

የሕዝብ ሀብት የዋለባቸው ሥራዎች በዚህ አያበቁም። ዛሬ አንድ ጎብኚ ከዋናው ምድር ተነሥቶ ጀልባ ሳይሳፈር እስከ ደሴቶቹ የመጨረሻ መንደር በመኪና መድረስ ይችላል። የመንደሩ ስም በኖርዌይ ፊደል የመጨረሻው ሆሄ የሆነው ኦ ብቻ ነው። ቬስትቮጎይንና ፍላክስታድን የሚያገናኘው ከባሕር በታች ያለው የናፕስትራውም ዋሻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ደሴቶቹን ያለ ጀልባ ከዋናው ምድር ጋር ያገናኘው መንገድ ደግሞ በ2007 መጨረሻ ላይ ለአገልግሎት በቅቷል። የመንገዶች አስተዳደሩ በሎፎተን የሚያልፈውን ጎዳና በአገሪቱ ከሚገኙት 18 ብሔራዊ የቱሪስት መንገዶች አንዱ አድርጎ መርጦታል። በዚሁ መሠረት በአርክቴክቶች የተነደፉ ማረፊያዎችና መጸዳጃ ቤቶች በተመረጡ ሥፍራዎች ተሠርተዋል። መንገዶቹ በመጀመሪያ የተሠሩት ለነዋሪውና ለዓሣው ምርት ነበር፤ ይሁን እንጂ የብርድ ወራት የፎቶግራፍ ጉዞ ያለ እነርሱ የሚታሰብ አልነበረም።

በምስሎቹ ውስጥ የሚታዩትም ነገሮች ለውበት የተሠሩ አይደሉም። በሃምኖይ ድልድይ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚያነሷቸው በውኃው ላይ በምሰሶ የቆሙ ቀያይ ቤቶች ሮርቡ ይባላሉ። ለዓሣ ማጥመጃው ወቅት ከሩቅ በጀልባ የሚመጡ ሰዎች የሚያድሩባቸው ጎጆዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ንጉሥ ኦይስታይን በ1120 ገደማ በቮጋን እንዳሠራቸው ይነገራል። አብዛኞቹ ዛሬ ለጎብኚዎች የሚከራዩ ናቸው። በየመንደሩ የሚታዩት የእንጨት መስቀያዎች ግን እስከ አሁን ሥራቸውን አልለቀቁም። ኮድ ያለ ጨው ሁለት ሁለት ሆኖ በጅራቱ ታስሮ ከየካቲት ጀምሮ ይሰቀልና እስከ ግንቦት ድረስ በነፋስ ይደርቃል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚዋዥቀው አየር ዓሣውን በኃይል አያቀዘቅዘውም፤ ዝንብም አያስነሣበትም። የደረቀው ዓሣ በዋናነት ወደ ኢጣሊያ የሚላክ ሲሆን፣ ጭንቅላቱ ደግሞ በናይጄሪያ ለሾርባ ማጣፈጫነት እጅግ ይፈለጋል።

በእነዚህ ውኆች የጋራ ሀብት ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1890 የእንፋሎት መርከቦች ባለቤቶች በዓሣ የተሞላውን ጠባቡን ትሮልፊዮርድ በመረባቸው ዘግተው፣ በትናንሽ ጀልባ የሚሠሩትን አጥማጆች ለመከልከል ሞክረው ነበር። አጥማጆቹም በኃይል ጥሰው ገቡ። ግጭቱ ወደ ፓርላማ አምርቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሎፎተን በዚያ ዓይነት መረብ ማጥመድ በሕግ ተከለከለ። ድርጊቱንም የስቮልቬር ተወላጁ ሠዓሊ ጉናር በርግ በሥዕል አስቀርቶታል።

በአሁኑ ወቅት የሚነሣው ክርክር ጉልበት የቀላቀለ አይደለም፤ ነገር ግን ያው የጋራ ሀብት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ሕግ ማንም ሰው ባልለማ መሬት ላይ በነፃነት እንዲንቀሳቀስ መብት ይሰጠዋል። ድንኳን መትከልም ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ 150 ሜትር በመራቅ ይፈቀዳል። ሕጉ ሲወጣ በአንድ የባሕር ዳርቻ መቶ መኪና በአንድ ቀን ይቆማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በጠባቡ አውራ ጎዳና ላይ ብርሃኑ ሲያምር በድንገት የሚቆም መኪና፣ በበረዶ መንዳት ያልለመደ አሽከርካሪ፣ ማዕበል በሚመታው ዐለት ላይ የሚወጣ ጎብኚ፣ የበረዶ ናዳ በሚያሰጋበት ተዳፋት ላይ በብርድ ወራት የሚሞከር ጉዞ፣ ሁሉም የአካባቢውን አስተዳደር ደጅ ያንኳኳሉ። የነፍስ አድን አገልግሎት በኖርዌይ ተጎጂውን አያስከፍልም፤ የሥራው አንድ ክፍልም በበጎ ፈቃደኞች የሚሸፈን ነው። የደሴቶቹ ሆስፒታል የሚገኘው በግራቭዳል ሲሆን፣ ከኦ መንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

የማዘጋጃ ቤቶቹ ገቢ በአመዛኙ የሚገኘው ከነዋሪዎች የገቢ ግብርና ከማዕከላዊው መንግሥት ድጎማ ነው። ጎብኚው ለምግቡና ለማደሪያው የሚከፍለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ወደ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት ይገባል። የቆሻሻ ማንሻው፣ የመኪና ማቆሚያውና የመጸዳጃ ቤቱ ወጪ ግን ከአካባቢው አይወጣም። ለሺህ ሰው የተሰላ በጀት ከነዋሪው ብዙ እጥፍ ለሚሆን ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ መጠየቁ ነው ችግሩ።

የኖርዌይ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2025 ያጸደቀው የጎብኚዎች መዋጮ ሕግ ለዚሁ መልስ ለመስጠት የታሰበ ነው። ሕጉ የቱሪስት ጫና የበዛባቸው ማዘጋጃ ቤቶች በማደሪያ ዋጋ ላይ እስከ 3 በመቶ የሚደርስ መዋጮ እንዲያስከፍሉ ይፈቅዳል። ለመርከብ ጎብኚዎችም ድንጋጌ አለው። ገቢው ለቱሪዝም በሚያገለግሉ የጋራ መገልገያዎች ላይ ብቻ እንዲውል ተወስኗል። መዋጮውን የሚፈልግ ማዘጋጃ ቤት ጫናውን ማሳየትና ገንዘቡ የሚውልበትን ዕቅድ ለሚኒስቴሩ አቅርቦ ማስፈቀድ ይጠበቅበታል።

በድንኳንና በመኪና ቤት የሚያድሩት በሕጉ አልተካተቱም። የሰሜን ብርሃንን ሲጠብቅ በባሕር ዳርቻ ቆሞ ሌሊቱን በመኪናው ውስጥ የሚያሳልፈው ፎቶግራፍ አንሺም ከእነዚሁ ወገን ነው። ማዘጋጃ ቤት ከዚህ ዓይነቱ ጎብኚ ክፍያ ማግኘት የሚችለው በራሱ የመኪና ማቆሚያ ሥፍራ ላይ ዋጋ ሲያወጣ ነው። ለዚያም በቅድሚያ ሥፍራውን ማዘጋጀት፣ በረዶውን መጥረግና የሚቆጣጠር ሠራተኛ መመደብ ይኖርበታል።